ጨርሶ

ሰውየውን የሥራ ባልደረቦቹ «ቆራጡ» ይሉታል። እሱ ቅጽል ስሙን ያገኘው በቆራጥነቱ ይመስለዋል፤ ስሙን ያወጡለት ግን ያሰቡት ሌላ ነው። ወሬ ስለሚቆርጥ ነው። በእሱ ፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ በሰላም ዳር ያደረሰ ሰው አልተገኘም። ተናጋሪው ገና ትንፋሽ ሲስብ እሱ «ገባኝ፣ ገባኝ» ይላል፤ የቀረውን በራሱ ግምት ይሞላል፤ ለሞላው ደግሞ ራሱ መልስ ሰጥቶ ወደሚቀጥለው ጉዳይ ያልፋል።

ሌላ ቋንቋ ቢናገር ኖሮ ጉዳቱ ባልከፋ ነበር። በእኛ ቋንቋ ግን የነገሩ ፍሬ የሚቀመጠው መጨረሻ ላይ ነው። መሆኑና አለመሆኑ፣ መምጣቱና መቅረቱ፣ መዳኑና መሞቱ የሚለየው ግሱ ሲወጣ ነው፤ ግሱ ደግሞ ሌሎቹን ቃላት ሁሉ አሳልፎ ከኋላ የሚገባ የቤቱ ባለቤት ነው። ዓረፍተ ነገርን ከወገቡ ላይ የሚቆርጥ ሰው ስለ ማን እንደተወራ ያውቅ ይሆናል፤ ያ ሰው ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ቆራጡ ዕድሜው አርባን እስኪያልፍ የኖረው እንዲህ ነው፤ ብዙ ስም ሰምቶ ጥቂት ግስ ይዞ።

ያደገው በብዙ ወንድሞች መካከል ነው። በዚያ ቤት አፉን ከፍቶ የዘገየ ልጅ ሐሳቡን ሌላው ነጥቆ ይናገርበት ነበር፤ እሱም ቀድሞ መናገርን በመጀመሪያ እንደ መከላከያ፣ ቆይቶም እንደ ብልህነት ቆጠረው። ይህ ግን ሰበብ አይሆነውም። ከዚያው ቤት የወጣው ታናሽ ወንድሙ ሰው ሲያዳምጥ ዓይኑን እንኳ የማያንቀሳቅስ ሰው ሆኗል። ሚስቱ «ስንጋባ ጀምሬ የተውኩት ወሬ አለ፤ ስታረጅ እቀጥልልሃለሁ» ትለዋለች። ቁም ነገር ልትነግረው ስትፈልግ የጫማውን ማሰሪያ እስኪያስር ትጠብቅ ነበር፤ ጎንበስ ባለበት ታገኘውና ትነግረዋለች። ይህ ሲደጋገምበት ማሰሪያ የሌለው ጫማ ገዛ።

መተዳደሪያው ደግሞ ሰውን ማስማት ነው። በአንዲት የጆሮ ክሊኒክ ውስጥ የመስሚያ መሣሪያ ገጣሚ ሆኖ ይሠራል። በግብዣ ላይ ሥራውን የጠየቁት ሰዎች «ገጣሚ ነኝ» ሲላቸው «እስቲ አንድ ግጥም ጣል አድርግልን» ይሉታል፤ እሱም ሳቃቸውን ሳያስጨርሳቸው «የጆሮ ነው» ብሎ ወደ ሌላ ጨዋታ ይገባል። በእጁ ሥራ ላይ ነቀፋ አይገኝበትም። የጆሮን ቅርጽ የሚያወጣበትን ለስላሳ ሊጥ ወደ ውስጥ ሲጨምር ጣቱ አይንቀጠቀጥም። እያንዳንዱ ደንበኛ የትኛው ድምፅ እንደሚያመልጠው ይለካል፤ ልኬቱን ኮምፒውተር ውስጥ ያኖራል፤ መሣሪያውንም በዚያ ልክ ያስተካክላል። ሰዎች ሳይሰሙ ገብተው ሰምተው ይወጣሉ። ለዚህ ምስጋና ይገባዋል፤ ከዚህ ያለፈ ግን አይገባውም፤ ለሌላው ጆሮ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ለራሱ ጆሮ ነፍጎታልና።

ክሊኒኩ ጠባብ ነው። ከመግቢያው የመጠበቂያ ክፍል አለ፤ ቀጥሎ ድምፅ እንዳያሳልፍ ግድግዳው በስፖንጅ የተለበደ የመለኪያ ክፍል፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ያለበት የመግጠሚያ ክፍል። ኮምፒውተሩ አንድ ብቻ ነው። ክሊኒኩ ከተከፈተ ጀምሮ የተገለገሉት ሰዎች ሁሉ ልኬት በእሱ ውስጥ ነው። ያ ጠፋ ማለት ሁሉም እንደገና ይለካሉ ማለት ነው፤ ከእነሱም መካከል አልጋ የያዙ፣ ሩቅ የሄዱ፣ ዳግመኛ ለመለካት አቅሙ የሌላቸው አሉ። የክሊኒኩ ባለቤት የሆነችው ዶክተር ይህን ስለምታውቅ ትእዛዟ አጭር ነበር፦ ቅጂ ሳይወሰድ በዚህ ኮምፒውተር ላይ አዲስ ነገር አይጫን። ይህን ትእዛዝ ቆራጡ እስከ ግሱ ድረስ ሰምቶታል። አልሰማሁም ሊል አይችልም።

አንድ ቀን ጠዋት ዶክተሯ ስብሰባ ስትሄድ፣ ቆራጡ አዲሱን የኮምፒውተር ሲስተም ሊጭን ተነሣ። አሮጌው ሲከፈት ይዘገያል፤ ዝግታን ደግሞ እሱ ከሰው ቀርቶ ከዕቃም አይቀበልም። ቅጂ መውሰድ ረጅም ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ቅጂውን ተወው፤ አዲሱን ከፍላሽ መጫን ጀመረ፤ ከቤት መውጣት ለማይችሉ አንዲት ደንበኛ መሣሪያቸውን ሊያደርስ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። በሩ ላይ ሳይቆም ለእንግዳ ተቀባይዋ «ዓይንሽን ከኮምፒውተሩ አትንቀዪ፤ ሲጨርስ ደውዪልኝ» አላት።

እንግዳ ተቀባይዋ ለክሊኒኩ አዲስ ናት። የሙከራ ጊዜዋ የሚያበቃው በዚያው ቀን ነው፤ ዶክተሯ ከስብሰባው ስትመለስ ወይ ቋሚ ትሆናለች፣ ወይ ትሰናበታለች። ሌላ የምትሄድበት ሥራ የላትም፤ ታናናሽ እኅቶቿም የሚጠብቁት እሷን ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ንግግሯ ዝግ ያለ፣ ቃላቱን እንደ ልብስ አንድ በአንድ ተኩሳ የምታወጣ ወጣት ናት። ይህ ንግግር መስማት ለሚቸግራቸው ሰዎች መልካም ነው፤ ቆራጡን ግን ያሳክከዋል።

«አንቺ ‹እንደምን አደሩ› ስትዪ ሰው ይመሽበታል» ይላታል።

«እንግዲያው ‹እንደምን አመሹ› ብዬ ልጀምርልዎት?» ትለዋለች፤ እሱ ግን ቀልዱ ሳያልቅ ኮሪደሩን ጨርሷል።

ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ላይ ደህና ሄደ። ራሱ ጠፋ፤ ራሱ በራ። ከዚያ የሥራውን መጠን በመቶኛ የሚቆጥር ስክሪን መጣ። ቁጥሩ ሠላሳዎቹ ውስጥ ሲደርስ ቆመ። ልጅቷ ተቀምጣ ጠበቀች፤ ደንበኛ አስተናግዳ ተመለሰች፤ ቁጥሩ እዚያው ነው። አንድ ነገር ግን አየች። የመስሚያ መሣሪያዎች ለማስተካከያ የሚገቡባት፣ ከኮምፒውተሩ ጋር በገመድ የተገናኘች ትንሽ ሳጥን አለች፤ የእሷ መብራት ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል፤ ይጠፋል፤ እንደገና ይርገበገባል። ልጅቷ ስልኩን አነሣች። ቆራጡ ታክሲ ውስጥ ነበር።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ጨርሶ—»

«ጨረሰ? ጎሽ። በይ አጥፊው፤ ስመጣ እከፍተዋለሁ።»

«አይ፣ እኔ የምልዎት—»

«ገባኝ፣ ገባኝ። አጥፊው አልኩሽ እኮ። ወራጅ አለ።»

ዘጋው።

«ጨርሶ» ባለ ሁለት ፊት ቃል ናት። እዚያው ካበቃች ሥራው ማለቁን ትናገራለች፤ አሉታ ከተከተላት ግን ምንም አለመሆኑን። ልጅቷ ልትል የነበረው «ኮምፒውተሩ ጨርሶ አልተንቀሳቀሰም፤ የሳጥኗ መብራት ግን ይርገበገባል፤ ልንቀላት ወይ?» ነበር። ቆራጡ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ይዞ ወረደ፤ ሌሎቹ ስልኩ ውስጥ ቀሩ።

እሷም ከነቀፋ አታመልጥም። ደግማ መደወል ትችል ነበር። በስክሪኑ ላይ ኮምፒውተሩ እንዳይጠፋ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ተጽፏል፤ አንብባዋለች፤ ገብቷታል። ነገር ግን ቃሉ በየቀኑ እየተቆረጠበት በኖረ ሰው ልብ ውስጥ አንድ ክፉ ታዛዥነት ይበቅላል፤ «አጥፊ ተብያለሁ፣ አጠፋለሁ» የሚል። እሷም ጣቷን ማብሪያው ላይ አሳረፈች፤ ስክሪኑ እስኪጨልም ድረስ ተጭና ያዘችው።

ቆራጡ ሲመለስ በመጠበቂያው ክፍል አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸውን በቶርኖ ማሽን ላይ ብረት ሲቆርጡ የኖሩ፣ ማሽኑም በዝግታ ጆሯቸውን የበላባቸው ሰው ናቸው። መሣሪያቸው ከጠዋት ጀምሮ ለማስተካከያ ሳጥኗ ውስጥ ስለገባ ምንም አይሰሙም፤ ስለማይሰሙም ይጮኻሉ።

«መጣህ አንተ ልጅ? ጆሮዬን ተረክበህ ነው የሄድከው።»

ቆራጡ በእጁ «አሁን፣ አሁን» አላቸውና ኮምፒውተሩን ከፈተ። የአምራቹ ምልክት መጣ። ትንንሽ ነጠብጣቦች ክብ ሠርተው ዞሩ። ስክሪኑ ጨለመ። እንደገና ምልክቱ መጣ፤ ነጠብጣቦቹ ዞሩ፤ ጨለመ። ማብሪያውን ተጫነው። ገመዱን ነቅሎ ሰካው። ወንበሩን ገፍቶ ቆመ፤ ተቀመጠ፤ ቆመ። ኮምፒውተሩ ከጥቂት ውድቀት በኋላ በራሱ ጊዜ ምርጫዎች የተደረደሩበት ሰማያዊ ገጽ አመጣ። ቆራጡ «ወደ ቀድሞው ተመለስ» የሚለውን በችኮላ መረጠ። ነጠብጣቦቹ ለብዙ ጊዜ ዞሩና «አልተቻለም» የሚል መልእክት ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ ጠዋት እኔ ያየሁት—»

«አሁን አይደለም» አላት ሳይዞር።

የሚስቱ ወንድም ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ቆራጡ ደወለለት፤ እጆቹ ነፃ እንዲሆኑም የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ስማ አማቼ፣ ኮምፒውተሩ—»

«እኔ ደህና ነኝ፣ ልጆቹም ደህና ናቸው፣ ስለጠየቅከኝ አመሰግናለሁ» አለ ጠጋኙ።

«ተው እንጂ፣ ተቃጥያለሁ። አዲስ ሲስተም ጭኜበት አልነሣ አለኝ። ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል።»

«ስንት ላይ ሲደርስ ነው የተቋረጠው?»

«አልተቋረጠም። ጨርሶ ነበር።»

«ከጨረሰ በኋላ ነው እንዲህ የሆነው? በዓይንህ አይተሃል?»

«ተነግሮኛል አልኩህ።»

«እስካሁን አላልከኝም፤ ግን ይሁን። ከጨረሰማ አዲሱ ራሱ ተበላሽቶ ገብቷል ማለት ነው። ወደ ቀድሞው መመለሱን ሞክረሃል?»

«እምቢ አለ።»

«እንግዲያው የቀረው ሁሉንም ጠርጎ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ፋይሎቹን አቆያለሁ ይልሃል፤ ፕሮግራም ግን አንድ አይተርፍልህም። የሰዎቹ ልኬት የተቀመጠው ፕሮግራሙ ውስጥ ነው አይደል? ቅጂ አለህ?»

ቆራጡ ዝም አለ። ጠጋኙ ይህን ዝምታ ከእሱ ሰምቶት አያውቅም፤ ወዲያው ገባው።

«አንተ ሰውዬ፣ ቅጂ የለህም?»

«አልወሰድኩም።»

«እኅቴ ‹ባሌ ፈጣን ነው› ስትል እኮ የምታሞግስህ ይመስለኝ ነበር።»

በዚህ መካከል የክሊኒኩ ስልክ ጮኸ። እንግዳ ተቀባይዋ አንሥታ አዳመጠች፤ ዘግታ «ዶክተር ስብሰባው አልቆላቸው እየመጡ ነው» አለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ዝግ ያለ ነው፤ እጇ ግን የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጧል። የእሷ ጉዳይ የሚወሰነው ያኔ ነውና።

የቆራጡ እጅ ወደ ማውዙ ሄደ። ሁሉን የሚጠርገው ምርጫ ከፊቱ ነው። እዚህ ላይ የሰውየው ኃጢአት ከችኮላ ወደ ሌላ ነገር መሸጋገሩን መሰወር አይገባም። ይህን ቢጫን ኮምፒውተሩ እንደሚነሣ ያውቃል። የሚነሣ ባዶ ኮምፒውተር ከማይነሣ ሙሉ ኮምፒውተር ይልቅ ለዓይን ያምራል፤ ዶክተሯ ስትገባ ስክሪኑ በርቶ ታየዋለች። የጠፋው የሚታወቀው ቀስ በቀስ፣ አንድ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ነው፤ እስከዚያ ደግሞ ማን ምን እንዳደረገ ይረሳል። ይህንን ሁሉ በቃላት አላሰበውም። ጣቱ ግን አስቦታል።

«ጋሼ፣ ያቺ ሳጥን—»

«ገባኝ አልኩሽ።»

«ጠዋት በስልክ እኔ—»

«ገባኝ።»

ልጅቷ ከዚያ በፊት አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። ዓረፍተ ነገሩን ከጭራው ያዘችው። ሰውም ቦታም ጊዜም ሳታስቀድም፣ ግሱን ብቻ አውጥታ ፊቱ ላይ አስቀመጠችው።

«አልጨረሰም።»

የሚቆረጥ ነገር አልነበረውም። አንድ ቃል ነው፤ ሲጀመር አልቋል። የቆራጡ ጣት ቆመ።

«ምኑ?»

«አልጨረሰም ነበር፣ ኮምፒውተሩ።»

«ጨርሶ አላልሽኝም እንዴ?»

«ጨርሶ አልተንቀሳቀሰም ልል ነበር። ግማሹን ወስደው ዘጉብኝ።»

ከመጠበቂያው ክፍል አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ተሰማ። ቆራጡ «ታዲያ ለምን—» ብሎ ሊነሣ ሲል ከጠረጴዛው ላይ የጠጋኙ ድምፅ መጣ።

«አንተ ዝም። ማንም ትሁን ማን፣ እሷ እስክትጨርስ እንዳትተነፍስ። እኅት ዓለም፣ ሳትቸኩዪ ንገሪኝ። ምን አየሽ?»

ልጅቷም ነገረችው። መጀመሪያ ራሱ ጠፍቶ ራሱ መብራቱን፤ ቀጥሎ ቁጥሩ መምጣቱን፤ ሠላሳዎቹ ውስጥ ገብቶ መቆሙን፤ የሳጥኗን መብራት፤ ቁጥሩ ከቆመ በኋላ መብራቷ እንዴት እንደሚርገበገብ፣ እንዴት እንደሚጠፋ። እንደ ልማዷ አንዱን ቃል በሌላው ላይ አልደረበችም። ቆራጡ ከንፈሩን ነከሰ። በየመሐሉ አፉን ከፈተ፤ በየመሐሉም ዘጋው። ወንበሩን ያዘ፤ ለቀቀ። እውነት ለመናገር በሕይወቱ ካዳመጣቸው ንግግሮች ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር፤ ያዳመጠውም ወዶ አይደለም።

«መጫኑ ገና መንገድ ላይ ነበር ማለት ነው» አለ ጠጋኙ። «እንዲያ ከሆነ አሮጌው ሙሉውን ተጠቅልሎ እዚያው ተቀምጧል፤ አልተነካም። የያዘችው ያቺ ሳጥን ናት። አዲሱ ሲስተም አላውቃትም ብሎ እሷን ሲጠብቅ ነው የቆመው፤ አንተም ወደ ኋላ ልትመልሰው ስትሞክር እንደተሰካች ነበረች አይደል?»

«እንደተሰካች ናት» አለ ቆራጡ።

«ንቀላት። ከማውዝና ከኪቦርድ በቀር የተሰካ ነገር አይኑር። ከዚያ ወደ ቀድሞው መመለሱን እንደገና ምረጥ። ከመረጥክ በኋላ ደግሞ ምንም አትንካ። ሰማኸኝ? ምን አልኩህ?»

«ገባ—» አለና ቆራጡ ራሱን ያዘ። «ሳጥኗን ነቅዬ፣ ወደ ቀድሞው መርጬ፣ ምንም አልነካም።»

ሳጥኗ ተነቀለች። ምርጫው ተመረጠ። ነጠብጣቦቹ መዞር ጀመሩ።

ከዚህ በኋላ የሚሠራ ነገር አልነበረም፤ መጠበቅ ብቻ። ለቆራጡ ከዚህ የከፋ ሥራ አልተፈጠረም። ወደ መለኪያው ክፍል ገባ፤ የራሱ ትንፋሽ ብቻ ስለተሰማው ወጣ። ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ከታች መኪናዎች እየጮኹ ያልፋሉ፤ የዶክተሯን መኪና ከመካከላቸው ፈለገ። ተመልሶ ስክሪኑን አየ። አዛውንቱ በር ላይ መጥተው ቆሙ።

«ምን ሆናችሁ ነው ሁለታችሁ? ፊታችሁ የታመመ ሰው ያለበት ቤት መስሏል።»

ልጅቷ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመቻቸው።

«እሱ ነው? እኔ እኮ ማሽን ሲያምፅ ትቼው ሻይ እጠጣ ነበር። ሲናፍቀው ይነሣል።»

ቆራጡ አልሳቀም። ልጅቷ ግን ሳቀች፤ በዚያች ቀን መጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ስክሪኑ ጨለመ፤ ምልክቱ መጣ፤ ነጠብጣቦቹ ዞሩ፤ በመጨረሻም የድሮው ዝግተኛ ኮምፒውተር፣ ከድሮው ሥዕል ጋር፣ እየተንቀራፈፈ ተከፈተ። ቆራጡ ፕሮግራሙን ከፈተ። የደንበኞቹ ስም ተደረደረ። አንዱን ነካ፤ ልኬቱ አለ። ሌላውን ነካ፤ አለ። ወንበሩ ላይ ወደቀ።

«ተርፈናል» አለ። ማንንም ግን አላመሰገነም። ተነሥቶ ሳጥኗን መልሶ ሰካ፤ የአዛውንቱን መሣሪያ አስተካክሎ ጆሯቸው ላይ አደረገላቸው፤ ቦርሳውን አነሣ፤ ለከሰዓት ወደ ቀጠረው ሌላ ደንበኛ ለመሄድ ተጣደፈ። በሐሳቡ ነገሩ ተዘግቷል። የጠፋ የለም፤ ስለዚህ የሚነገር የለም።

ዶክተሯ የገባችው እሱ በር ላይ እንደደረሰ ነው። ኮቷን እያወለቀች አዛውንቱን ሰላም አለቻቸው።

«አስጠበቁዎት እንዴ አባባ?»

«ምን ያድርጉ ልጄ» አሉ አዛውንቱ፣ አሁን በሰው ድምፅ። «ይሄ ኮምፒውተራችሁ ሲሞት ሲነሣ ነው የዋለው። ልጆቹም አብረውት ሲሞቱ ሲነሡ።»

ዶክተሯ ኮቷን በእጇ እንደያዘች ወደ መግጠሚያው ክፍል ዞረች። ስክሪኑን አየች። የመጫኛው ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«አዲሱ ሲጫን ነበር?»

«ነበር» አለች ልጅቷ።

«ተቋረጠ?»

«አዎ።»

«ማን ነው ያጠፋው?»

በዚህ ቋንቋ ኮምፒውተር የዘጋም አጠፋ ይባላል፤ በደል የሠራም አጠፋ ይባላል። ልጅቷ የተጠየቀችውን ብቻ መለሰች፤ ውሸት መናገር አልለመደችም።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ዶክተሯ ጨካኝ ሴት አይደለችም፤ ነገር ግን ከስብሰባ ደክማ የመጣች ሰው ናት፤ የሰማችውም ግልጽ ነው።

«ጥፋትሽን ማመንሽ መልካም ነው። ግን እዚህ ያለው የብዙ ሰው ጆሮ ነው። ስለ ቅጥርሽ ዛሬ እንነጋገራለን ብዬሽ ነበር። ትንሽ ማሰብ ሊኖርብኝ ነው።»

ልጅቷ ራሷን ለመከላከል ከጀመረች ዓረፍተ ነገሩ ረጅም እንደሚሆን፣ በዚያ ርዝመት ውስጥም ሰው ሁሉ እንደሚያመልጣት ከዚህ ቤት ተምራለች። ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው ጣለች።

ቆራጡ የበሩን እጀታ እንደያዘ ነው። የሚጠብቁት ደንበኛ አሉ። የተናገረ ማንም የለም፤ የወቀሰውም የለም። ሁለት እርምጃ ቢራመድ ነገሩ ከኋላው ይዘጋል። እንዲህ ያለች ቅጽበት ለሰው ሁሉ ትመጣለች፤ አብዛኛው ሰው ሁለቱን እርምጃ ይራመዳል፤ ከዚያም ዕድሜውን ሁሉ ‹መንገድ ላይ ነበርኩ› እያለ ያመካኛል። ቆራጡ እጀታውን አልለቀቀም፤ ግን አልወጣም። እንደ ልማዱ በአጭሩ ሊገላገለው ፈለገ።

«ዶክተር፣ አጥፊ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ዶክተሯ ዞር አለች። ፊቷ ተቆጣ።

«አንተ ማን ሆነህ ነው ሰውን አጥፊ የምትለው? እሷ በራሷ አምናለች። አንተ ደግሞ ልትጨምርባት ነው?»

ቆራጡ እውነቱን ተናግሮ ነበር፤ እውነቱ ግን ከማጠሩ የተነሣ ክስ ሆኖ ወጣ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ቆራጡ ይህን የሚያርምበት መንገድ አንድ ነው፤ መቀመጥና ከመጀመሪያው መጀመር። ሰዓቱን አየ። እጀታውን ለቀቀ። ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ፤ ወንበር ሳበና ተቀመጠ።

«ትእዛዝዎን አውቃለሁ» አለ። «ቅጂ ሳልወስድ የጫንኩት እኔ ነኝ። ቅጂው ረጅም ሰዓት ስለሚፈጅ ተውኩት። ለእሷ ጠብቂው ብዬ ወጣሁ። ደወለችልኝ። የነገረችኝን አልሰማሁም፤ ገና ስትጀምር ቆረጥኳት። እሷ አልጨረሰም ልትለኝ ነው የደወለችው፤ እኔ ጨረሰ ብዬ ሰማሁ። እንድታጠፋው ያዘዝኳት እኔ ነኝ። አይሆንም ልትል ስትጀምር ስልኩን ዘጋሁባት።» ቆመ። የቀረው የማይነገር መስሎት ነበር፤ ግን ወንበሩ ላይ ነው፤ ቀጠለ። «ስመለስም አላስጨረስኳትም። እርስዎ መምጣትዎን ስሰማ ሁሉንም ጠርጌ ኮምፒውተሩን ባዶውን ላስነሣው ነበር። እሷ ባታስቆመኝ ልኬቱ በሙሉ ጠፍቶ ነበር።»

ዶክተሯ እስከ መጨረሻው አላቋረጠችውም። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«ስክሪኑ ላይ ‹አታጥፉ› የሚለውን አይተሽዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ለምን ደግመሽ አልደወልሽም?»

«ተናድጄ ነው» አለች ልጅቷ።

«ንዴትሽን በሰው ጆሮ ላይ አትወጪም። ሁለተኛ እንዳይደገም።» ኮቷን በወንበሩ ላይ አኖረች። «ከነገ ጀምሮ ቋሚ ነሽ። የኮምፒውተሩ ፓስዎርድ ዛሬ ይቀየራል፤ አንቺ ትይዢዋለሽ። ገጣሚያችን የሚጭነው ነገር ሲኖረው አንቺን ያስፈቅዳል፤ ምክንያቱንም እስኪያስረዳሽ ትሰሚዋለሽ።»

ልጅቷ ዶክተሯን አመሰገነች። ቆራጡን አላመሰገነችውም፤ ልክ ነበረች። የሰጣት ነገር የለም፤ የወሰደባትን መለሰ እንጂ።

«አሁን ቅጂው ይወሰድ» አለች ዶክተሯ። «እዚሁ፣ በፊቴ። እስኪያልቅም ከወንበርህ እንዳትነሣ።»

«ደንበኛ እየጠበቁኝ—»

«እሷ ትደውልላቸዋለች። ቀስ ብላ ታስረዳቸዋለች።»

ልጅቷ ውጫዊውን ሃርድ ዲስክ ከቁም ሣጥን አምጥታ ሰካችው። ቆራጡ መቅዳቱን አስጀመረ። አረንጓዴው መስመር ከግራ በኩል ብቅ አለ፤ ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ ለዓይን አይለይም ነበር። ከመጠበቂያው ክፍል የልጅቷ ድምፅ ይሰማል፤ ለደንበኛው ነገሩን ከመነሻው እያስረዳች ነው። ቆራጡ ሰዓቱን አየ፤ መስመሩን አየ፤ ሰዓቱን አየ። ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር ይዘላል። ዶክተሯ ከፊቱ ተቀምጣ ወረቀቷን ታነባለች፤ ቀና አትልም። መስመሩ ገና ነበር።